ሚሲዮኑ በማን ጥላ አደገ?

የካፑቺን መነኮሳት ማኅበር የካቶሊክ ሚሲዮን ሐረርና ድሬዳዋ ላይ ሥር የሰደደው በራሱ ሥራ ነው ወይስ በመኳንንት ጥላ? አንድ የሐረር ጀጎል ሰውና አንድ የድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ሰው ይከራከሩበታል። ዓመታቱ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

የጀጎሉ፦ የካፑቺኑ ጳጳስ አባ ማስያስ በ1846 ለኦሮሞ አገር ተሾሙ፤ እዚያ ለመድረስ ብቻ እስከ 1852 ፈጀባቸው። በ1879 አጼ ዮሐንስ አስወጧቸው። 33 ዓመት ሙሉ መንከራተት ነው! ሐረር ላይስ? ራስ መኰንን የፈረንሳይን በር ይፈልጉ ስለነበር ሚሲዮኑን አስጠጉ። ወዲያው ሥራው ሰፋ። ይህ ጥላ ካልሆነ ምን ይባላል?

የከዚራው፦ ድሬ ላይ አንቱታ የለምና «አንተ» ብልህ አትቀየም። የማስያስ ተተኪ አባ ቶራን ካኛኝ ሐረር ሲገቡ ከተማዋን የያዙት ግብጾች ነበሩ፤ ምኒልክ ሐረርን የያዙበት የጨለንቆ ጦርነት ገና አልተደረገም። የማን መኳንንት ነው ያስጠጋቸው? ደግሞ በ1901 የተከፈተውን የሥጋ ደዌ ሕሙማን መኖሪያ አስብ። ራስ መኰንን ደግፈውታል፣ እሺ። ቁስሉን ሲያጥቡ የነበሩት ግን ራስ መኰንን አይደሉም። ሰው በሩቁ አፍንጫውን ይዞ በሚያልፍበት ዘመን! በኋላ እዚያ የሠሩት ዶክተር ፌሮን ስማቸው ሰፈር ላይ የቀረው በአዋጅ መሰለህ?

የጀጎሉ፦ ገንደ ፌሮንን ካነሳህ እጄን ሰጥቻለሁ፤ አያቴም ስታነሳቸው ትመርቃቸው ነበር። ትምህርቱን ግን አልለቅልህም። ራስ መኰንን ለልጃቸው ለተፈሪ መምህር ሲፈልጉ፣ ጳጳሱ አባ እንድርያስ (ሞንሴኞር ዣሮሶ) አባ ሳሙኤልን ሰጧቸው። በ1915 ሐረማያ ሐይቅ ላይ ጀልባዋ ስትሰጥም አባ ሳሙኤል ሞቱ፤ ተፈሪ ተረፉ፣ ንጉሠ ነገሥትም ሆኑ። ከዚህ የበለጠ ጥላ ከየት ይመጣል?

የከዚራው፦ ራስ መኰንን እኮ ቁልቢ ላይ ያረፉት በ1906 ነው። ያን ጊዜ አባ ሳሙኤል የሚያስተምሩት አባቱ የሞቱበትን ልጅ ነበር፤ ንጉሥ እንደሚሆን ማን አውቆ? ጣሊያን ሲገባም ፈረንሳዮቹ ሚሲዮናውያን ተባረሩ፤ አባ እንድርያስ አርባ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ከቀረው ጵጵስና ተነስተው በ1941 ቱሉዝ ላይ አረፉ። የሚሲዮኑ ትምህርት ቤት ግን ቀጠለ። እኔ ስማር አጠገቤ የሚቀመጠው ልጅ ረመዳን ላይ በደረቀ ከንፈር ዲክቴ (የቃል ጽሕፈት) ይጽፍ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ቁርአን ቤት ይሄዳል። ስህተቱ ከእኔ ያነሰ ነበር፣ እስካሁን ያናድደኛል። አባቱን ያመጣው የማን ጥላ ነው?

የጀጎሉ፦ የልጁ አባት ደብተሩን አይቶ ነው ያመጣው፤ ይህን እቀበላለሁ። ግን በፈረንሳዮቹ ቦታ የተተኩት ጣሊያኖችም ካፑቺኖች ነበሩ እኮ። ጥላው ተቀየረ እንጂ መቼ ጠፋ?