መምህርቷን ብቻዋን አትላኳት

የመምህራን ምደባ በወጣ ቁጥር ከደሴና ከኮምቦልቻ ያደጉ ሴት ልጆች ሻንጣቸውን ይዘው ወደ ገጠር ቀበሌዎች ይወጣሉ። ዓመት ሳይሞላቸው የዝውውር ማመልከቻ የሚጽፉትን አውቃለሁ። ምክንያታቸው መንገድ፣ መብራት፣ ኔትዎርክ ነው። ሁሉም እውነት ነው። ማመልከቻው ላይ የማይጻፈው ብቸኝነቱ ነው። ደቡብ ወሎ፣ ለጋምቦ ወረዳ ውስጥ ሳስተምር አይቼዋለሁ።

የደሴ ልጅ ብርድ የለመደች ይመስላታል። ወደ ለጋምቦ በሚያወጣው መንገድ ጉጉፍቱን ተሻግራ ከ3,000 ሜትር በላይ ስትደርስ ግን ሌላ አገር ነው፤ የገብስና የበግ አገር። ሴቱ እየሄደም እየተቀመጠም ባና ለሚባለው ወፍራም ልብስ የሚሆን የበግ ፀጉር ይፈትላል፤ ቤቱ በኩበት ጭስ ይሞቃል። ከኮምቦልቻ ሞቃት አየር ለመጣች ልጅማ አይነገርም።

ብርዱ ግን ይለመዳል። የሚከብደው ከትምህርት በኋላ ያለው ሰዓት ነው። ወንዶቹ ባልደረቦቿ ጠላ ቤት ይገባሉ፣ ካርታ ይጫወታሉ፣ ገበያ ይወርዳሉ። እሷ የት ትሂድ? ብትወጣ ይወራባታል፤ በሯን ዘግታ ብትቀመጥ «ኮርታለች» ትባላለች። ፀሐይ ሳትጠልቅ የሚዘጋ በር ስንቷን መምህርት እንዳሰናበተ የሚቆጥር የለም።

እኔን ያቆየኝ የጎረቤቶቼ ቡና ነው። «ቲቸር፣ ነይ እንጂ! ብቻሽን ምን ትሠሪያለሽ?» ብለው ከደጅ ተጣሩ። ወሎ ቡና ላይ አቦል ቀምሶ መነሳት ነውር ነው፤ ቶናውም በረካውም አለ። ኩበት እንዴት እንደሚያያዝ፣ ወተት ከማን እንደሚገዛ፣ የማን ውሻ እንደሚናከስ የተማርኩት እዚያ ነው። እኔ ደግሞ የጤና ጣቢያ ወረቀታቸውን አነብላቸዋለሁ፣ ጂዳ ካለች ልጃቸው ጋር ስልክ አገናኛቸዋለሁ። በረካው ላይ ትልቋ እናት ዱዓ ሲያደርጉ ክርስቲያኗም እስላሟም «አሚን» እንላለን። ከክፍል የቀረችው ተማሪ ልትዳር እየተሰናዳች መሆኑን ከማንኛውም መዝገብ በፊት የሰማሁት ከዚያው ስኒ ዙሪያ ነው።

ያው ቡና ዓይንም አለው። ማን ወደ ቤትሽ እንደመጣ፣ ለምን እስካሁን እንዳላገባሽ ይጠይቅሻል። ወጣቷ ይህን ብቻዋን ስትሸከመው ይከብዳታል፤ ስለዚህ እንደ እሷ ከሌላ ቦታ የመጣች ጓደኛ ያስፈልጋታል።

ይህን አገራችን አንድ ጊዜ በትክክል አስባበታለች። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ለየቀበሌው ሁለት ሴቶችን እንዲመድብ፣ እነሱም ከአካባቢው እንዲመለመሉ ሆኖ ነው የተቀረጸው። ለመምህርቷ ግን ያላት የምደባ ዕጣ ብቻ ነው።

ስለዚህ የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤቶችን የምጠይቀው ይህን ነው፤ ሴት መምህርት ወደ ሩቅ ቀበሌ ስትላክ ቢያንስ ሁለት ሆነው ይሂዱ። መኖሪያቸው ከትምህርት ቤቱ ግቢ ጥግ ሳይሆን ከመንደሩ መሃል ይፈለግላቸው። በመጀመሪያው ሳምንት የቀበሌው ሴቶች ልማት ቡድን ቤት ለቤት ያስተዋውቃቸው። መንገዱና መብራቱ በጀት ይጠብቃል፤ ሁለት ስም አንድ ቀበሌ ላይ መጻፍ ግን በዘንድሮው ምደባም ይቻላል።