እርማት፦ የፔዳል ድምፅ በካፓሲተር ዋጋ አይለካም

ወንድሜ፣ ስለ ጊታር ፔዳል (በእግር እየተረገጠ የጊታሩን ድምፅ ስለሚቀይረው ሳጥን) ስናወራ «ርካሽ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ትንሽ ዕቃ) የፔዳልን ድምፅ ይገድላል፣ ውዱን ግዛ» ያልከውን ብዙ ሰው ያምነዋል። ግን ልክ አይደለም።

የአይባኔዝ ኩባንያን ቲዩብ ስክሪመር ፔዳል እንይ። በውስጡ ያለው፣ ድምፁን የሚያጎላውና ዛሬ ሰው በውድ የሚያሳድደው ጄአርሲ 4558 ቺፕ በጊዜው ተራና ርካሽ ዕቃ ነበር። የፔዳሉን የታወቀ ድምፅ ከሚሰጡት ዋነኞቹ አንድ የ4.7 ኪሎ ኦም ሬዚስተር (የኤሌክትሪክ ፍሰትን የሚገታ ዕቃ) እና አንድ የ0.047 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ናቸው። ሁለቱ ሆነው ከ720 ኸርዝ በታች ያለው ወፍራም ድምፅ ብዙ እንዳይጎላ ያደርጋሉ። የካፓሲተሩ ልክ በ10 በመቶ ዝቅ ቢል 720 የነበረው ቁጥር ወደ 800 ይወጣል። ስለዚህ ልኩን በመለኪያ ፈትሽ። የፋብሪካውን ስም ጆሮ አይሰማውም።

እርግጥ አንዳንድ ሴራሚክ ካፓሲተሮች ቮልቴጅ ሲያርፍባቸው ልካቸው ይወርዳል። ድምፁ በሚያልፍበት መስመር ላይ ፊልም ካፓሲተር (በስስ ፕላስቲክ የተሠራውን) አስገባ፤ እሱም ቢሆን ውድ አይደለም።

ብርህን በእግር በሚረገጠው ማብሪያ፣ በጃኩ (ገመዱ በሚሰካበት) እና በፖቴንሺዮሜትሩ (ድምፁ በሚስተካከልበት መዞሪያ) ላይ አውጣ። እኔ በርካሽ ማብሪያ ተሸውጃለሁ። ወር ሳይሞላው አንዴ ይይዛል፣ አንዴ ይለቃል። ፈትቼ ሳየው፣ ስበይደው ፕላስቲኩ በሙቀቱ ቀልጦ አንዱ እግር ተንጋዷል።