ማይሉ አለ፤ ወንበሩ የለም

ለገና አገር ቤት ልገባ ብዬ አራት ዓመት ማይል፣ ማለትም በኋላ በትኬት የሚለወጥ የአየር መንገድ ነጥብ፣ አጠራቀምኩ። አስቤዛውንም ነዳጁንም የገዛሁት ማይል በሚሰጥ ክሬዲት ካርድ ነው። ከዋሽንግተን አዲስ አበባ የሚያደርሰኝ ሲሞላ ቀን መምረጥ ጀመርኩ። ከታኅሣሥ መጀመሪያ እስከ ጥምቀት ማግስት በማይል አንድም ወንበር የለም። በዚያው ቀን፣ በዚያው አውሮፕላን ግን ትኬት በገንዘብ ይሸጣል።

አየር መንገዶች ባዶውን ወንበር ሁሉ በማይል አይሰጡም። ለማይል የሚለቁት ጥቂቱን ነው፤ ስንት እንደሆነ አይናገሩም። ኮምፒውተሩ በገንዘብ ይሸጣል ብሎ የገመተውን ወንበር ይይዘዋል። ለበዓልና ትምህርት ቤት ሲዘጋ ደግሞ ሁሉም ይሸጣል። የእኛ ሰው የሚጓዘውም ያኔ ነው።

ክርክሩ የቆየ ነው። አሜሪካን ኤርላይንስ የማይል ፕሮግራሙን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1981 ነው። በ1988 ደንቡን ቀይሮ የወንበር ገደብና በማይል የማይበረርባቸው ቀኖች አስገባ፤ ቀድሞ ለተጠራቀመው ማይል ጭምር። ደንበኞች ከሰሱ። ጉዳዩ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደ። ፍርድ ቤቱ በ1995 በክፍለ ግዛት የሸማቾች ሕግ መክሰስ አይቻልም፣ ውል ፈርሷል ብሎ መክሰስ ግን ይቻላል አለ። ውሉን የሚጽፈው ግን አየር መንገዱ ራሱ ነው። በፈለግን ጊዜ እንለውጣለን የሚል አንቀጽ ብዙ ጊዜ አይጠፋበትም።

አሁን ደግሞ ሌላ መጣ። ሌሎቹ የአሜሪካ አየር መንገዶች፣ ዴልታ እ.ኤ.አ. በ2015፣ ዩናይትድ በ2019፣ ቋሚውን የማይል ዋጋ ሠንጠረዥ አነሱ። ወንበር አለ ይሉሃል፤ ዋጋው ግን እንደ ቀኑ ይወጣል፣ ይወርዳል። ዓመት ሙሉ ያጠራቀምከው በአንድ ሌሊት ሊያንስ ይችላል።

ማይል ስጦታ ነው፣ ስጦታ ደግሞ አይመረመርም የሚሉ አሉ። አልስማማም። ባንኮች ማይሉን ከአየር መንገዱ በገንዘብ ይገዙታል፤ እኛ ደግሞ ካርዱን በተጠቀምን ቁጥር ይሰጡናል። ዩናይትድ በ2020፣ በኮቪድ ጊዜ፣ ይህንኑ ፕሮግራም መያዣ አድርጎ 6.8 ቢሊዮን ዶላር ተበድሯል። አበዳሪ ፊት ንብረት የሆነ ነገር እኔ ጋ ሲደርስ እንዴት ስጦታ ይሆናል?

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። በየመስመሩ በዓመት ስንት ወንበር በማይል እንደተሰጠ ይታወቅ፤ የበዓል ሰሞኑም ተለይቶ ይነገር። ዋጋ ሲቀየር ቀድሞ የተጠራቀመው ማይል ለአንድ ዓመት በድሮው ዋጋ ይሥራ። በነፃ ትበራላችሁ እያሉ ካርዱን የሚያስሞሉንም ይህን ቁጥር ከፊርማው በፊት ያሳዩን።