ይድረስ ለክቡር መብራት መጥፋት፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ እንቁላሎቼን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከናፍቆትዎ በስተቀር ደህና ነኝ። እርግጥ ለመናፈቅም ጊዜ አልሰጡኝም።

እርስዎን ለባሕር ዳር ሰው ማስተዋወቅ ድፍረት ነው። ሽምብጥ ያድራሉ፣ ቀበሌ 14 ይውላሉ፣ ዓባይ ማዶማ ቤተኛ ነዎት። ከጣና ወዲያ ደመናው ጠቆር ካለ ከዝናቡ ቀድመው ይደርሳሉ። ገና አንድ ጠብታ ሳይወርድ ሰፈሩ በሙሉ በአንድ አፍ «ጠፋ!» ይላል። ሲሄዱም ልጆች በጩኸት ይሸኙዎታል። እንዲህ ያለ አቀባበልና አሸኛኘት ያለው ሌላ ባለሥልጣን አላውቅም።

የቆየ ቂሜን አልዘረዝርም። ምጣድ ላይ የተሰፋ እንጀራ ዓይን ሳያወጣ ደርሰውበታል። ፍሪጄን አቃጥለዋል፤ እሱንም ሲመጡ ሳይሆን ሲሄዱ ነው። አጥቂው ፍጹም ቅጣት ምት ሊመታ ሲንደረደር ከተፍ ብለዋል። ይሁን።

ባለፈው ሳምንት ያደረጉኝ ግን ይሁን የሚባል አይደለም።

እኔ ቤቴ ውስጥ ጫጩት አስፈለፍላለሁ። ክዳኗ ውስጧን የምታሳይ ትንሽ የመፈልፈያ ማሽን አለችኝ። ሳሎን ውስጥ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ነው ቦታዋ። የዶሮ እንቁላል 21 ቀን ይፈልጋል። እነዚህን ቀናት በሙሉ ሙቀቱ 37.5 ዲግሪ አካባቢ መቆየት አለበት። እንቁላሉ በቀን ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይገላበጣል፤ አለዚያ ጽንሱ ከቅርፊቱ ጋር ይጣበቃል። ከ18ኛው ቀን በኋላ መገላበጡ ይቆምና እርጥበቱ ከ65 እስከ 70 በመቶ ከፍ ይላል። ክዳኑም ከዚያ ወዲህ በከንቱ አይከፈትም። ምክንያቱም ጫጩቱ ቅርፊቱን ሰብሮ ሊወጣ ሲል አየሩ ከደረቀበት፣ ከቅርፊቱ ሥር ያለው ስስ ሽፋን ይደርቅና ይጠቀልለዋል። መንቁሩን አውጥቶ እዚያው ይቀራል።

ይህን ሁሉ ሳያውቁ አይቀሩም ብዬ እጠረጥራለሁ። ባያውቁ ኖሮ ቀኑን እንዲህ አይመርጡትም። በመጀመሪያው ሳምንት መጨረሻ በሞባይሌ መብራት እንቁላሎቹን አንድ በአንድ ሳይ፣ ቀጫጭን የደም ሥሮች ተዘርግተው፣ መሐላቸው አንዲት ጥቁር ነጥብ ስትንቀሳቀስ ነበር። ያን ቀን አልመጡም። ከዚያ በኋላ ጎራ ብለው ነበር፤ ግን ሳይቀመጡ ሄዱ። እርስዎ የፈለጉት ማለቂያውን ነው።

እንቁላሎቹ መሰንጠቅ በጀመሩበት ዕለት ገና ጎህ ሲቀድ መጡ። ጫጩቶቹ ከነቅርፊታቸው ጪው ጪው እያሉ ነበር። በድንገት የማሽኗ ቁጥር ድርግም አለ። ማራገቢያዋም ቆመች። ክዳኑን አልነካሁም። ጋቢዬን ደረብኩላት። ከጋቢው በላይ ብርድ ልብስ ጨመርኩ። ውሃ አፍልቼ በሃይላንድ እየሞላሁ ዙሪያዋን ደረደርኩ። ባለቤቴ ቆማ ታየኛለች። «እኔ ስታመም እንዲህ ሸፍነኸኝ ታውቃለህ?» አለችኝ። ለዚህም ተጠያቂው እርስዎ ነዎት።

እኩለ ቀን ሆነ። አልተነቃነቁም። ደወልኩ፤ ደዋዮች ሁሉ የሚያውቋት ሴትዮ ሁሉም መስመሮች እንደተያዙ በትሕትና ነገረችኝ። ያኔ ነው አንድ ጎረቤቴ «ጄኔሬተር ያለው ካፌ ይዘሃት ሂድ» ያለኝ። ማሽኗን ከነጋቢዋ ታቅፌ ባጃጅ ውስጥ ገባሁ። ባጃጁ ጉድጓድ በገባ ቁጥር እኔ ነኝ የምጮኸው።

ካፌው በር ላይ ጥበቃው አስቆመኝ።

«ምንድን ነው የያዝከው?»

«ማሽን ነው።»

«የምን ማሽን?»

«እንቁላል አለበት።»

ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት በጣቱ ጠቆመኝ። ምግብና መጠጥ ከውጭ ይዞ መግባት ክልክል ነው ይላል።

«ይሄ ምግብ አይደለም» አልኩት።

«እንቁላል ምግብ አይደለም?»

«ነገ ዶሮ ነው እኮ የሚሆነው።»

«ዶሮስ ምግብ አይደለም?»

መልስ አጣሁ። ከኋላዬ ሰው ተሰልፏል። ከፊሉ ይስቃል፣ ከፊሉ ሰዓቱን ያያል። በዚህ መሐል ከጋቢው ሥር ጪው የሚል ድምፅ ወጣ። ጥበቃው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለ። «ነፍስ አለበት እንዴ?» አለና አማተበ። ደስ አለኝ፣ ተረዳኝ ብዬ። እሱ ግን ትንሽ አሰብ አደረገና፣ «እንደዚያ ከሆነማ እንስሳም አይገባም» አለ።

ሥራ አስኪያጁ ተጠራ። ጨዋ ልጅ ነው፣ ልዋሽበት አልፈልግም። ሶኬት የሚሰጠው ለሚያዝ ሰው ብቻ ነው አለኝ። አዛለሁ አልኩ። ለምን ያህል ሰዓት እንደምቆይ ጠየቀኝ። «እስኪፈለፈሉ» አልኩት። ይህን የሰማ ሰው ሁሉ ዞር ብሎ አየኝ።

ያለው ሶኬት አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም መጸዳጃ ቤቱ በር አጠገብ። እዚያ ተቀመጥኩ። ሰው ሁሉ ሲገባም ሲወጣም ሰላም ይለኛል። ማኪያቶ አዘዝኩ። ጄኔሬተሩ የቡናውን ማሽን አይችልም ተባልኩ። ሻይ አዘዝኩ። ሻዩ ሲያልቅ አስተናጋጇ መጥታ ብርጭቆውን ታያለች፤ ከዚያ እኔን ታያለች። ሌላ ሻይ አዘዝኩ። አንዱ ወጣት ስልኩን አውጥቶ ይቀርጸኝ ጀመር። «ጋሼ፣ ጋቢውን ትንሽ ገለጥ ያድርጉልኝ» አለ። ከጎኔ የተቀመጡት ሰዎች ደግሞ ምን ቢያዙ ጥሩ ነው? አስተናጋጇ ወደ ማዕድ ቤቱ ዞራ በረጅሙ ተጣራች፦ «አንድ እንቁላል ፍርፍር! በደንብ ይብሰል!»

ጫጩቶቹ ጸጥ አሉ። እውነቴን ነው፣ ጸጥ ነው ያሉት።

የማሽኗ ቁጥር ግን ቀስ እያለ ከፍ አለ። 31፣ 34፣ 36። አንዲት ትንሽ ልጅ አፍንጫዋን ክዳኑ ላይ ለጥፋ ታያለች። በዚያ ካፌ ውስጥ ሥራዬን በክብር ያየችልኝ እሷ ብቻ ናት። አንደኛው እንቁላል ዙሪያውን ተሰንጥቆ ተከፈተ። እርጥብ፣ ዓይኑን በቅጡ ያልገለጠ ነገር ተንከባሎ ወጣ። ልጅቷ ጮኸች። አስተናጋጇ ትሪዋን ትታ መጣች። ጥበቃው ሳይቀር ከበሩ ተነስቶ መጣና አንገቱን አስግጎ አየ። ለጥቂት ደቂቃ የካፌው ትልቁ ሰው እኔ ነበርኩ።

ያኔ እርስዎ ሄዱ። አምፖሎቹ ቦግ አሉ፣ ጄኔሬተሩ ጠፋ፣ ሰው አጨበጨበ። ሥራ አስኪያጁ በፈገግታ መጥቶ «እንኳን ደስ አለዎት ጋሼ፣ መብራት መጣ። አሁን ቤትዎ ይመችዎታል» አለና ሶኬቱን በገዛ እጁ ነቀለልኝ። እኔም አመስግኜ ወጣሁ። በባጃጁ መስኮት መንገዱን አያለሁ፤ ሱቁ በርቷል፣ ጸጉር ቤቱ በርቷል፣ ዳቦ ቤቱ በርቷል። ወደ ሰፈራችን የሚያስገባውን መንገድ ስንታጠፍ ድቅድቅ ጨለማ።

«እናንተ ጋ አንድ ፌዝ የለም» አለኝ ባለሱቁ ሻማ እየሸጠ።

እዚያው ቁጭ ብለው ይጠብቁኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን ባጭሩ ልንገርዎት፤ ማርዘሙ አያስደስተኝም። ሌሊቱን ሃይላንድ ስቀያይር ነጋ። መንቁራቸውን አውጥተው የነበሩት ሽፋኑ ደረቀባቸው። አንዱ እስከ ንጋት ድረስ ይጮህ ነበር። ድምፁ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ሄደ። ምን ላድርገው? በባትሪ አያለሁ እንጂ ምን አደርገዋለሁ?

አንተ ግን ምን ዓይነት ፍጥረት ነህ? እኔ መቼም አትምጣ አላልኩህም። ማንም አትምጣ አላለህም። መስመሩ ይጠገን፣ ትራንስፎርመሩ ይቀየር፣ ግድ የለም። ሰዓትህን ንገረን ነው ያልነው። ዶሮ እንኳ በቀን አንዴ ከእንቁላሏ ትነሳለች። ትጠጣለች፣ ትቅማለች፣ አፈር ላይ ትንከባለላለች፣ ከዚያ ተመልሳ ትታቀፋለች። እንቁላሉ ያን ያህል ቅዝቃዜ ይችላል። መመለሻዋ ይታወቃላ! አንተ መምጫህም መሄጃህም አይታወቅም። እንጀራ ጋግራ ልጅ የምታሳድገው ሊጧ ኮምጥጦ ይደፋል። ኢንሱሊኗን ፍሪጅ ውስጥ ያስቀመጠች እናት በየሰዓቱ ፍሪጁን በእጇ እየዳሰሰች ታድራለች። ይህ ቀልድ አይደለም። ውሃው የሚነሳው ከደጃችን ነው። ጢስ ዓባይ ላይ ተርባይን የተተከለው በ1950ዎቹ ነው። በ2002 ዓ.ም. የጣና ውሃ በዋሻ ወደ በለስ ተወስዶ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ጣቢያ ተመረቀ። ጳጉሜን 2017 ላይ ደግሞ የ5,150 ሜጋ ዋቱን ግድብ መረቅን። ቦንድ ገዝተናል፣ 8100 ላይ መልእክት ልከናል፣ ያጨበጨብነውም ከልባችን ነው። የእኔ ማሽን 100 ዋት እንኳ አትሞላም። 100 ዋት!

ወደ አንቱታዬ ልመለስ።

በማግስቱ አቤቱታ ላስገባ ወደሚመለከተው ቢሮ ሄድኩ። የትኛው እንደሆነ መናገር አያስፈልግም፤ አግዳሚ ወንበሩን ሁላችንም እናውቀዋለን። እዚያም እርስዎ ቀድመውኝ ደርሰዋል። ጄኔሬተሩ በመስኮቱ ሥር እየጮኸ ስለሆነ ሰው የሚነጋገረው በጩኸት ነው። ተራዬ ደረሰ። ቅጹ ላይ የቆጣሪ ቁጥር አለ፣ የቀበሌ መታወቂያ ቁጥር አለ፣ «የደረሰ ጉዳት ዓይነት» የሚል ግማሽ መስመር አለ። ልጅቷ ጽሑፌ አልነበብ ብሏት «ምንድን ነው የተቃጠለብዎት?» አለች።

«ጫጩት» አልኩ።

«እ?»

«ጫጩት!»

«ቻርጀር?»

«ጫ! ጩ! ት!»

ልክ ያን ጊዜ ጄኔሬተሩ ጸጥ አለ። ሰልፉ በሙሉ ሰማኝ። ልጅቷ ግን ሥራዋን አልተወችም፤ የተገዛበት ደረሰኝ እንዳለኝ ጠየቀችኝ። የዕቃው ሞዴልና የተመረተበት ዘመንም መሞላት አለበት አለች። ዘመኑን ሞላሁ፤ ትናንት ነው። ሞዴሉን ባዶ ተውኩት። ፊርማ የሚያደርጉት ኃላፊ ስብሰባ ላይ ናቸው።

ኢንቨርተር ግዛ የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። ባትሪው የሚሞላው እርስዎ በሌሉ ጊዜ መሆኑን ረስተውት ነው።

የተረፉት እንዴት ተረፉ ካሉ፣ ለእርስዎ ምስጋና የለዎትም። ግድግዳ የምንጋራቸው እማማ አሮጌ ቅርጫት ውስጥ ገለባ አንጥፈው ዶሮ አስታቅፈው ነበር። በነጋታው ማታ መጡና ማሽኗን በአገጫቸው እያሳዩ «ልጄ፣ ይቺ ሣጥን እሷም ትበርዳለች እኮ» አሉኝ። ያልተሰነጠቁትን እንቁላሎች በነጠላቸው ሰብስበው ወሰዱ። በጨለማ አንድ በአንድ ዶሮዋ ሥር ሸጎጧቸው። በጨለማ የሆነው ዶሮዋ እንዳታይ ነው፤ ለአንድ ጊዜ እንኳ ጠቅመውናል ማለት ነው። ካፌ የተወለደውንም ጨመሩት። ዶሮዋ አላንገራገረችም። ደረሰኝም አልጠየቀችም።

አሁን ጠዋት ጠዋት ከበረንዳዬ አያቸዋለሁ። የእማማን ዶሮ ተከትለው ጓሮ ይጭራሉ። ስጠራቸው አይሰሙኝም። እማማም ለመጣ ሰው ሁሉ «የሱ ናቸው፣ ግን እኛ ነን ያወጣናቸው» ይላሉ። ሰፈሩ ውስጥ ስሜ «ኢንኩቤተር» ሆኗል። የባጃጅ ልጆች ሳልፍ ጪው ጪው ይሉኛል።

ለማንኛውም፣ ሌላ ዙር እንቁላል ገዝቻለሁ። ሹል ጫፋቸውን ወደ ታች አድርጌ ቀዝቀዝ ያለ ጥላ ውስጥ አስቀምጫቸዋለሁ። ከሳምንት በላይ ከቆዩ የመፈልፈል ዕድላቸው እየቀነሰ ይሄዳል። ስለዚህ የቀጣዮቹን 21 ቀናት ፕሮግራምዎን በዚህ ሳምንት ውስጥ እንዲያሳውቁኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። በየቀኑ ቢመጡም ግድ የለኝም፤ ሰዓቱ ብቻ ይጻፍልኝ። ቢፈለፈሉም ገና ነው፤ ጫጩት በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋል፣ እሱንም አብረው ቢያስቡበት። መልስዎ በደብዳቤ ይሁን። በስልክ አይሞክሩት፤ ሲመጡ ኔትወርኩንም ይዘውት ነው የሚጠፉት።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦ ለካፌው ጥበቃ፤ ምግብ አለመሆኑ በዓይናቸው ስለታየ ወረቀቱ ላይ ማስተካከያ እንዲደረግበት።