እርድ ከድስት ወጥቶ ክኒን ሲሆን

አክስቴ ሁለተኛ ፎቅ ለመውጣት መሐል ላይ ቁጭ ብላ ታርፋለች። ኮቪድ ከያዛት ዓመት አልፏል። የደምም የሳንባም ምርመራዋ ደህና ነው ተብሏል፤ ድካሙ ግን አልለቀቃትም፣ የጀመረችውን ወሬም ትረሳዋለች። ይህ ከኮቪድ በኋላ የሚቆይ ሕመም ሎንግ ኮቪድ ይባላል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2021 እ.ኤ.አ. ትርጉም ሰጥቶታል። ዘመድ ግን ዛሬም «ስለተኛሽበት ነው፣ ተነሽ» ይላታል። ብዙ ታማሚዎች አቅማቸው ከሚችለው በላይ ሲንቀሳቀሱ እንደሚብስባቸው የሚነግረን ሰው አልነበረም።

እንዲህ የተባለች ሴት መድኃኒት ራሷ ብትፈልግ አይፈረድባትም። ሜሪላንድ ቤቷ ስሄድ መደርደሪያው ላይ የእርድ ክኒን፣ ኦሜጋ 3፣ የጥቁር አዝሙድ ዘይት ተደርድሯል፤ ሁሉም «የሰውነትን መቆጣት (ኢንፍላሜሽን) ያበርዳል» ይላል። ሐሳቡ ከሜዳ የመጣ አይደለም፤ በአንዳንድ ታማሚዎች ላይ ያልበረደ መቆጣት ታይቷል። በሆንግ ኮንግ በ463 ሰዎች ላይ በተደረገ ሙከራም ለአንጀት ጠቃሚ ባክቴሪያ ያለበትን አንድ ቅንብር ለስድስት ወር የወሰዱት ድካማቸውና የመርሳት ችግራቸው ይበልጥ ቀሏል። ያ ውጤት ግን የዚያ ቅንብር ነው፤ የእርድ ክኒን ሊዋሰው አይችልም።

«ልጄ፣ እርድ ምን ያደርጋል? በልተነው አይደል ያደግነው?» አለችኝ። አልጫ ውስጥ የሚገባው እርድና ክኒኑ አንድ አይደሉም። እርዱን ቢጫ ከሚያደርገው ኩርኩሚን ወደ ደም የሚያልፈው ኢምንት ነው። ስለዚህ አምራቾች ኩርኩሚኑን ለብቻው አጥልለው፣ ብዙዎቹም ከቁንዶ በርበሬ የሚወጣውን ፒፐሪን ጨምረው፣ ሰውነት አብዝቶ እንዲወስደው ያደርጋሉ። በአሜሪካም በጣሊያንም እንዲህ ያለውን ክኒን ወስደው ጉበታቸው የተጎዳ ሰዎች ተመዝግበዋል፤ የአውስትራሊያ የመድኃኒት ተቆጣጣሪም በ2023 አስጠንቅቋል። አክስቴ ደግሞ የደም ማቅጠኛ ዋርፋሪን ትወስዳለች። ሁለቱ ሲገናኙ ሊያደሙ ይችላሉ። ሐኪሟ አልጠየቃትም፤ እሷም «ቅመም ነው» ብላ አልነገረችውም።

የአሜሪካ ሕግም አያግዛትም። በ1994 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕግ መሠረት እነዚህ ምርቶች ገበያ ከመውጣታቸው በፊት መሥራታቸውንም ሆነ አለመጉዳታቸውን የአገሪቱ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ አያጸድቅም። እኔ ይህ መቀየር አለበት ባይ ነኝ። እስከዚያው ሸክሙ የእኛ ነው።

ጠርሙሶቹን በፌስታል ይዘን አንድ ሐበሻ ፋርማሲስት ዘንድ ሄድን፤ አንድ በአንድ አገላብጦ አይቶ የእርድ ክኒኑን አስቆማት። ሰው በእምነት ቤቱ አዳራሽ በአማርኛ እንዲህ የሚያስረዳው ቢያገኝ ስንቱ ይድን ነበር! ለአዲስ አበባ ዘመድ በሻንጣ የምትልኩም፣ ጠርሙሱን ከመግዛታችሁ በፊት የሚወስደውን መድኃኒት ስም በስልክ ጠይቁት።