ጃዝ ፍላሜንኮ ቤት ሲገባ

ስፔን ውስጥ ጭብጨባ እንጀራ ነው። የስፔን ሙዚቃና ጭፈራ የሆነው ፍላሜንኮ ሲባል የብዙ ሰው ሐሳብ ጊታሩና ቀሚሱ ላይ ይሄዳል። መድረኩ ላይ ግን እጃቸውን ብቻ ይዘው የሚመጡ ሰዎች አሉ፤ ሥራቸው ማጨብጨብ ነው፤ ይከፈላቸዋል። ፓልሜሮ ይባላሉ። አንዱ ምቱን ሲይዝ ሌላው በመሃል በመሃል ይገባበታል። እኛ ሰፈር በነጻ ስንቱን ሠርግ ያደመቁ ሰዎች ይህን ቢሰሙ ምን ይሉ ነበር?

ነገሩ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ሶሌያና ቡሌሪያ የሚባሉት የፍላሜንኮ ዓይነቶች በአሥራ ሁለት ምት ይዞራሉ። ጠበቅ የሚለው ምት 3፣ 6፣ 8፣ 10 እና 12 ላይ ነው። መጀመሪያ በሦስት በሦስት ይሄድና ወደ መጨረሻው በሁለት በሁለት ይሆናል። ሶሌያ ዝግ ይላል፣ ቡሌሪያ ይሮጣል። እንግዳ ሰው እጁ የሚጠላለፈው ከስድስት በኋላ ነው።

አሜሪካዊው የጃዝ ትረምፔት ተጫዋች ማይልስ ዴቪስና አቀናባሪው ጊል ኢቫንስ እ.ኤ.አ. በ1959 መጨረሻና በ1960 መጀመሪያ ኒውዮርክ ውስጥ «ስኬችስ ኦፍ ስፔን» የተባለውን አልበም ቀረጹ። እዚያ ውስጥ «ሳኤታ» የሚል ሥራ አለ። ሳኤታ በሰሙነ ሕማማት እንደ ሴቪያ ባሉ የስፔን ከተሞች የሚዜም ነው። የክርስቶስ ወይም የእመቤታችን ምስል በሰልፍ ሲያልፍ አንድ ሰው ከሰገነት ላይ ያለ አጃቢ ያዜማል። ሰልፉ ቀጥ ይላል። ዜማው ሲያበቃ ከበሮውና ጥሩምባው ይመለሳል፣ ሰልፉም ይቀጥላል። ማይልስ የዚያን ዜመኛ ቦታ በትረምፔት ያዘ። በግለ ታሪኩ ላይ፣ ከአልበሙ ሁሉ የከበደው ሰው ሊዘፍንበት የሚገባውን ክፍል በትረምፔት መጫወት እንደነበር ተናግሯል። ስትሰሙትም ያስታውቃል። ድምፁ ይሰነጠቃል፣ ይንሸራተታል፣ አርፏል ስትሉ ደግሞ ይነሳል።

እዚያው አልበም ላይ «ሶሌያ» ብሎ የሰየመው ሥራ ግን ሌላ ነው። ከሥር ያለው ከበሮ የማርሽ ጠባይ አለው፤ አሥራ ሁለቱን አይቆጥርም። ውበቱ አያጠያይቅም። ግን ለሶሌያ የሚጨበጨበውን ጭብጨባ ላጨብጭብበት ብትሉ አይገጥምም። ማይልስ እንጉርጉሮውን ወሰደ፣ ምቱን እዚያው ተወው።

ስፔኖቹ ራሳቸው ጃዝን ሲያመጡት በሌላ በር ነው የገቡት። ሳክስፎን ተጫዋቹ ፔድሮ ኢቱራልዴ በ1967 ፍላሜንኮን ከጃዝ ጋር ሲቀርጽ ጊታሩን ያስያዘው ለ19 ዓመት ወጣት ነበር፤ ያ ወጣት ፓኮ ዴ ሉሲያ ነው። በኋላ ፓኮ የራሱን ስድስት ሰው ባንድ ሲያቋቁም ሆርሄ ፓርዶን ከነፍሉቱና ከነሳክስፎኑ አስገባው። የካዲሱ ፒያኒስት ቻኖ ዶሚንጌዝ ደግሞ መጀመሪያ የፍላሜንኮ ጊታር የነካካ ሰው ነው። በ2012 ያወጣው አልበም ላይ «ካይንድ ኦፍ ብሉ» ከተባለው የማይልስ አልበም ዜማዎች ወስዶ ዘፋኝና አጨብጫቢ አስገብቶባቸዋል። ማይልስ ትቶት የሄደውን ምት መልሶ አስታጠቀው ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ያለ ተቆጣጣሪ አልመጣም። ሴቪያ ውስጥ አንዲት ፔኛ ገብቼ አይቻለሁ። ፔኛ የፍላሜንኮ ወዳጆች እየተዋጡ የሚያቆሟት ቤት ናት፣ እንደ ሰፈር ዕድር። የዚያን ምሽት ጃዝ የሚጫወት ፒያኒስት ተጋብዟል። አጠገቤ የነበሩ አዛውንት በጣታቸው አንጓ ጠረጴዛውን ቀስ ብለው ያንኳኳሉ። ፒያኒስቱ ቀኝ እጁን ለቆ ከነጎደ በኋላ የት እንዳለ ለእኔ ጠፋኝ። አዛውንቱ ግን ማንኳኳታቸውን አላቆሙም። ልጁ ያን ሁሉ ዞሮ ዞሮ ልክ አሥረኛው ምት ላይ ጠብ አለ። «ኦሌ!» አሉ፣ ጮክም ሳይሉ። ፒያኒስቱ ዞር ብሎ ሳቀ። ፈተናውን ማለፉ ገብቶታል።

እኛ ዘንድስ? ጋሽ ጌታቸው መኩሪያን ያነሳ ሰው ማይልስን የሚቀናበት ምክንያት የለውም። ሽለላን በሳክስፎን የተጫወቱ ሰው ናቸው። ሽለላም እንደ ሳኤታ ቋሚ ምት የማያስረው፣ ትንፋሽና ወኔ የሚመራው ድምፅ ነው። እሳቸው ያን ድምፅ በሳክስፎን ማስፎከር የጀመሩት «ሳኤታ» ከመቀረጹ በፊት ነው። ለዚያውም የአንበሳ ጎፈር ደፍተው መድረክ ይወጡ ነበር! ሙላቱ አስታጥቄ ደግሞ እንግሊዝና አሜሪካ ተምሮ ቅኝቶቻችንን ወደ ጃዝ አመጣ። በ1966 ኒውዮርክ ላይ የቀረጻቸው ሥራዎች ምታቸው ላቲን ነው። ማይልስም ሙላቱም ዜማውን ይዘው ምቱን ከሌላ ቦታ አምጥተዋል። ይህን እንደ ነቀፋ አትቁጠሩብኝ፤ ሁለቱንም ጠዋት ማታ እሰማቸዋለሁ።

የሚቆጨኝ ሰሚው ነው። አገር ቤት ስመጣ የጃዝ ምሽት አይቀረኝም። ልጆቹ ጎበዞች ናቸው። ታዳሚው ግን ስብሰባ የተጠራ ነው የሚመስለው፤ እግር አጣጥፎ፣ ስልክ ደግኖ፣ ሲያልቅ በጨዋ ደንብ ያጨበጭባል። ያንኑ ሰው በማግስቱ አዝማሪ ቤት ታገኙታላችሁ። ትከሻው አያርፍም። «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይወረውራል፣ ስንኙ ካልገጠመ ራሱ ይሳቅበታል፣ ማሲንቆው ከዘገየ በጭብጨባ ይጎትተዋል። ሴቪያ ካየኋቸው አዛውንት በምን ያንሳል? ጃዝ ሲሆን ግን ጆሮውን ደጅ ላይ አስቀምጦ የሚገባ ይመስለኛል። የፈረንጅ ነው ብሎ ይሆን? የመግቢያው ዋጋ ይሆን? ሶፋውም ሳያግዝ አይቀርም፤ ሶፋ ላይ ተደላድሎ ችክችካ ማጨብጨብ አይመችም።

እዚህ አውሮፓ ያለነውም ብንሆን የምንኩራራበት ነገር የለም። ድግሳችን ላይ አንድ ኪቦርድ ምቱን ከውስጡ ያወጣል፣ ከበሮ የሚባል አይታይም። ግን አማርኛ አጥርተው የማይናገሩት እዚህ የተወለዱ ልጆች እንኳን ችክችካው ሲጀምር ማንም ሳያሳያቸው ልክ ቦታው ላይ ያጨበጭባሉ። ለኢትዮ ጃዝ ተጫዋች ከዚህ የተሻለ ፈታኝ ከየት ይመጣል?

አንድ ወዳጄ «ጃዝ እኮ ዝም ተብሎ ነው የሚሰማው» ይለኛል። ኒውዮርክ እንደዚያ ይሆናል። እኔ የሚቀጥለው ጃዝ ምሽት ላይ ሳክስፎኑ ወደ ሽለላ ሲጠጋ «ተቀበል!» ማለቴ አይቀርም። ካስወጡኝም ችግር የለም፤ አዲስ አበባ አዝማሪ ቤት አይጠፋም።