እጅጌ ፈታሾቻችን ይባረኩ

ደሴ የታደለች ከተማ ናት። ሌላ አገር አጭበርባሪ የሚይዘው ፖሊስ ነው። እኛ ዘንድ ፊልም ያየ ሁሉ ይይዛል። ከፒያሳ እስከ ሸዋ በር፣ ካርታ በተዘረጋበት ቤት ሁሉ ከተጫዋቹ ጀርባ የቆመ አንድ ሊቅ አይጠፋም። አይጫወትም፣ አያስይዝም። ሥራው ማየት ነው። ዓይኑን ጠበብ፣ አገጩን ያዝ ያደርግና ወደ ጆሮህ ጠጋ ይላል። «ሰውየው እጅጌው ውስጥ የሆነ ነገር አለ። ወላሂ! ፊልም ላይ ልክ እንደዚህ ነው።»

ይህን የመሰለ አገልግሎት በነፃ የሚሰጥበት ሌላ ከተማ መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ደሴ ደግሞ ለእጅጌ ምርመራ የተፈጠረች ናት። ከፍታችን ወደ 2,500 ሜትር ይጠጋል። የጦሳ ጭጋግ ሲወርድ ጃኬት ያልለበሰ ሰው የለም። አንዳንዱ በጃኬቱ ላይ ጋቢ ይደርባል። ፊልም እንዳስተማረን አጭበርባሪ ኤሱን፣ ትልቁን ካርታ ማለት ነው፣ የሚደብቀው እጅጌው ውስጥ ነው። ስለዚህ ብርድ በገባ ቁጥር ከተማው በሙሉ ተጠርጣሪ ነው። ጋቢ የለበሰ ሽማግሌማ አይነሳ። እዚያ ውስጥ አንድ ፓኮ ካርታ ቀርቶ ካርታው የተሸጠበት ሱቅ ይገባል።

ሐረጎን ወርደህ ኮምቦልቻ ስትደርስ ነገሩ ይገለበጣል። ሙቀት ነው። ሰዉ በከነቴራ ነው። እጅጌ የለም፣ ስለዚህ ማጭበርበርም የለም። በደረቅ ወደቡ ጭነት እስኪደርሳቸው በከነቴራ ቁጭ ብለው በካርታ ሲበላሉ የሚያመሹትን ሾፌሮች ያየ መርማሪያችን «እዚህ ጨዋታው ንጹሕ ነው» ብሎ መስክሯል። ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ቁልቁለት የሰውን ጠባይ እንዲህ ያርማል።

ዕውቀቱ ከየት መጣ ለሚል፣ ድሮ ከቪዲዮ ቤት፣ ዛሬ ከስልክ። በትርጉም ፊልም የተማረው ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል። ተርጓሚው ፍላሽና ፉል ሃውስ የሚባሉትን የፖከር እጆች መለየት ሲሰለቸው «አሁን ይሄ ካርታ አደገኛ ነው» ብሎ ያልፋል። ተማሪውም ካርታን አደገኛና አደገኛ ያልሆነ ብሎ ለሁለት ከፍሎ ያውቃል። ምን ይጨመርበታል?

ፊልም ደግሞ አይዋሽም። በ2006፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ ዓመት የምጠራው ሁሉ በነሱ ነው፣ የወጣውን የጄምስ ቦንድ «ካዚኖ ሮያል» ተመልከቱ። የመጨረሻው ዙር ላይ አራት ሰዎች ካርታቸውን ይገልጣሉ። አንዱ ፍላሽ፣ አምስቱም ባለ አንድ ምልክት። ሌላው ፉል ሃውስ፣ ሦስት አንድ ዓይነት ከሁለት አንድ ዓይነት ጋር። ዓይኑ ደም የሚያነባው ሰውዬ ከዚያ የበለጠ ፉል ሃውስ። ቦንድ ስትሬት ፍላሽ፣ አምስቱም ባለ አንድ ምልክትና ተከታታይ፣ ከሁሉ የሚበልጠው። አራቱም በአንድ ዙር! ነገር አበላሽ የሆነ የሒሳብ ሰው ካለ እንዲህ ይላችኋል፦ ከ52 ካርታ አምስት ሲታደል 2,598,960 ዓይነት እጅ ሊወጣ ይችላል፣ ከዚህ ውስጥ ስትሬት ፍላሽ የሚሆነው፣ ሮያሉን ጨምሮ፣ 40 ብቻ ነው። ቦንድ በተጫወተው፣ ቴክሳስ ሆልደም በሚባለው የፖከር ዓይነት፣ ከሰባት ካርታ ምርጥ አምስቱ ስለሚያዝ ዕድሉ ይሻላል። እሱም ቢሆን እስከ መጨረሻው ብትቆይ ከሦስት ሺህ ምናምን ዙር አንዴ ነው።

የኛ ሊቃውንት ለሒሳብ ሰው ቦታ የላቸውም። ስትሬት ፍላሽ ያልታየበት ምሽት እነሱ ዘንድ ጨዋታ አይባልም። የያዝከው ሁለት ሰባት መሆኑን ሲያዩ ስለ አንተ ያፍራሉ። ደህና የፖከር ተጫዋች ከሚታደለው እጅ አብዛኛውን ሳይጫወት ይጥላል። ቁጭ ብሎ ይጥላል፣ ሻይ ይጠጣል፣ እንደገና ይጥላል። እንግዲህ ይህን ፊልም አድርገው ቢያመጡት ማን ገንዘቡን ከፍሎ ያያል?

የአነጋገር ሥልጣኔም ከዚያው ነው የመጣው። «ያንተን ሺህ አይቻለሁ…» ይላል ልጁ። ከዚያ ዝም። ጣሪያውን ያያል። ትንፋሽ ይስባል። «…በላዩ ላይ ሌላ ሁለት ሺህ!» ካዚኖ ውስጥ ቢሆን አዳዩ ሁለተኛውን አይቀበለውም። አየሁ ማለት ሰው ያስያዘውን ያህል አስያዝኩ ማለት ነው፤ አየሁ ካልክ አየህ፣ አለቀ፣ በሁለት አፍ መናገር አይፈቀድም። የሰውን ፊት እያዩ በቁንጥር መጨመር እዚያ ነውር ነው። እዚህ ግን ያቺ ዝምታ ከሁለት ሺሁ ትበልጣለች።

የመኪና ቁልፉንስ ማን ይረሳል? ገንዘብ ያለቀበት ሰው ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ይወረውራል፣ ሙዚቃው ይቆማል። የካዚኖ ሕግ እንዲህ ያለ ውበት አያውቅም። ዙሩ ሲጀመር ፊትህ ካለው በላይ ማስያዝ የለም ይላል። ሰው ከአቅምህ በላይ ቢጨምርብህም ተገፍተህ አትወጣም፣ ባለህ ልክ እስከ መጨረሻው ትቆያለህ ይላል። ደረቅ ሕግ። የኛ ልጆች የፊልሙን መርጠዋል። መኪና ስለሌለ የሚወረወረው የባጃጅ ቁልፍ ነው። ባጃጁ የአጎት ነው። አጎት በማግስቱ ጠዋት የሚናገሩት ንግግር ፊልሙ ላይ አልገባም።

ትልቁ ውለታ ግን የመበወዝ ጥበብ ነው። በ1973ቱ «ዘ ስቲንግ» ፊልም ላይ ተዋናዩ ፖል ኒውማን ካርታውን ሲያመላልሰው ያየ ሁሉ ይህ እጅ የአምላክ ስጦታ ነው ብሏል። ስጦታነቱስ እውነት ነው፣ የኒውማን አለመሆኑ ነው እንጂ። ፊት ሲታይ ኒውማን ነው። እጅ ሲታይ ጆን ስካርኒ የሚባል፣ ለፊልሙ አማካሪ የነበረ የካርታ አዋቂ ነው። ልጆቻችን ግን የሰውየውን እጅ ለመምሰል ለፍተዋል። ካርታው ወደ ላይ ይወጣል፣ ይዘረጋል፣ ጎረቤት ሻይ ውስጥ ይገባል። የገባውን አውጥተው በሱሪ ያብሱታል። ከዚያ ወዲያ ያቺን ካርታ ከጀርባዋ የማያውቃት የለም። እነሆ ምልክት የተደረገባት ካርታ በነፃ ተገኘች!

ከዚህ የተወለደች አንዲት ሕግ አለች። አሳምሮ የሚበውዝ ሌባ ነው፣ የሚንቀረፈፍ የዋህ ነው። መርማሪያችን በዚህች ሕግ ይምላል። ከካርታው ክምር ሥር እየሳበ የሚያድል እውነተኛ አጭበርባሪም ሕጓን ይወዳታል። እንጀራው ናታ። ጥበቡን ደብቆ እንደማንኛውም ሰው ይበውዛል፣ እንዲያውም አንዳንዴ አንድ ካርታ ይወድቅበታል። «አይዞህ ጋሼ፣ ቀስ ብለህ» ይለዋል መርማሪው። አንስቶም ያቀብለዋል።

ፊል አይቪ ደሴ ሳይመጣ መቅረቱ ይቆጨኛል። በዓለም ስማቸው ከሚጠራ የፖከር ተጫዋቾች አንዱ ነው። በ2012 ለንደን፣ ክሮክፎርድስ በሚባል ካዚኖ ፑንቶ ባንኮ የሚባለውን የካርታ ጨዋታ ተጫውቶ 7.7 ሚሊዮን ፓውንድ በላ። እጅጌ የለ፣ መስታወት የለ። ካርታውን በጣቱ እንኳ አልነካም። ካርታዎቹ ጀርባቸው ላይ ያለው ጌጥ ሲቆረጥ በሁለቱ ጠርዝ እኩል አልመጣም ነበር። እሱና አብራው የነበረችው ሴት አዳይዋን «ይቺን አዙሪልን፣ ለዕድላችን ነው» እያሉ ይለምናሉ። አዳይዋም ታዞራለች። ትልልቆቹ ካርታዎች እንዲህ በጀርባቸው ተለዩ። ካዚኖው አልከፍልም አለ። እሱ ይሄ ጥበብ ነው ብሎ ተከራከረ። የእንግሊዝ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2017 ማጭበርበር ነው ብሎ ዘጋው። እኛ ዘንድ ቢሆን ክርክሩ እዚያ ባልደረሰ። መርማሪያችን እጅጌውን ፈትሾ፣ ባዶ መሆኑን አይቶ፣ «ሰውዬው ዕድል ያምናል፤ ምናለ ብታዞሩለት?» ብሎ ያማልደው ነበር።

ገበያ ዳርም ሊቃውንቱ አሉልን። ሦስት ካርታ ደፍቶ «ቀይዋ የቷ ናት?» የሚለውን ልጅ ታውቁታላችሁ። መርማሪው ከልጁ አንጓ ላይ ዓይኑን አይነቅልም። አጠገቡ ቆሞ ደጋግሞ የሚበላው፣ እየሳቀ «አየሃት? ቀላል እኮ ናት!» የሚለው ጎልማሳ ግን የልጁ ጓደኛ ነው። ጎልማሳውን ማን ይጠረጥራል? ፊልም ላይ የሚስቅ ሌባ የለማ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለችው ሴትዮ ቢያንስ ቆጡ ላይ የሆነ ነገር ነበር።

አሁን ወደ ቤት ውስጡ ሊቅ ልመለስ፣ ውዳሴዬን አልጨረስኩም። በየቤቱ ገንዘቡ የሚበላበት ሰው በአብዛኛው በእጅጌ አይደለም የሚበላበት። ሁለት ጀለሶች ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። አንዱ ሲጨምር ሌላው ይጨምራል፣ መሃል ያለው ይጨመቃል። ወይም አንዱ የሰው ካርታ የሚያይበት ቦታ ያገኛል። ቦታው ደግሞ ከጀርባ ነው። ከጀርባህ የቆመው ማን ነበር?

ሊቁ አያጭበረብርም፣ ይህን እኔም እመሰክራለሁ። ፊቱ ነው እንጂ። ደህና ካርታ ስታነሳ ቅንድቡ ከፍ ይላል። መናኛ ካነሳህ ከንፈሩን ይመጥጣል። ባዶ እጅህን ደፍረህ ልትጨምር ስትል «ኧረ ተው» የሚል ፊት ያሳያል። ፊት ለፊትህ የተቀመጡት ሰዎች አንተን ማየት ከተዉ ቆይተዋል። እሱን ነው የሚያነቡት። ሻይ ሲመጣ «ለሱም ጨምሪለት» የሚሉት እነሱ ናቸው። ቦታ ያመቻቹለታል፣ «ወደ ብርሃኑ ጠጋ በል» ይሉታል። ሊቁ ይህን ሁሉ አክብሮት ከፊልም ዕውቀቱ ያገኘው ይመስለዋል፣ አልተሳሳተምም።

ሰሞኑን ጥቁር መነጽር ጀምሯል። ፊልም ላይ ያሉት ያደርጉታል ብሎ። ማታ ነው፣ መብራቱም አንዴ ይመጣል አንዴ ይሄዳል፣ እሱ ከነመነጽሩ ቆሟል። ያኔ ጠረጴዛው ላይ ትንሽ መደናገጥ ሆነ። ጨዋታው ለአንድ ሁለት ዙር ቀዘቀዘ። በመጨረሻ ፊት ለፊት ከተቀመጡት አንዱ ቀስ ብሎ «አቦ አውልቀው፤ አንተን የመሰለ ዓይን ይሸፈናል እንዴ?» አለው። አወለቀላቸው። ትሑት ልጅ ነው።